በቱርካና ሐይቅ ዳር ስለ ቆሙት ጥንታውያን የድንጋይ ክበቦች

ሰው ድንጋይ ተክሎ ያለፈውን ነገር ለሚመጣው ትውልድ ማስታወሻ ማድረግ የጀመረው ጽሕፈት ከመታወቁ በፊት ነው። በቅዱስ መጽሐፍ እንደምናነበው ኢያሱ ከዮርዳኖስ ያስወጣቸውን 12 ድንጋዮች በጌልገላ ያቆመው፥ ወደ ፊት ልጆች ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ አባቶች የሚመልሱት ታሪክ እንዲኖር ነበር። ነገር ግን ጠያቂው ልጅ ኖሮ መልስ የሚሰጠው አባት የጠፋባቸው ብዙ ድንጋዮች በዓለም ላይ ቆመው ይገኛሉ። እንደነዚህ ባሉት ስፍራዎች የሰው ምስክርነት ስለ ሌለ፥ መልሱን መፈለግ የሚቻለው ከራሳቸው ከድንጋዮቹ፥ ከሥራቸው ካለው አፈርና በአፈሩ ውስጥ ከተቀበረው ነገር ነው።

ስለ ድንጋይ ክበብ ሲነገር የብዙ ሰው ሐሳብ በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ወደ ስቶንሄንጅ ይሄዳል። ሆኖም ያ የታወቀ ሥራ በተጀመረበት ዘመን አካባቢ፥ ማለት ከዛሬ 5000 ዓመት ገደማ በፊት፥ በእኛው በምሥራቅ አፍሪካ በቱርካና ሐይቅ ዳር ከብት አርቢዎች ድንጋይ እየተሸከሙ ክበብ ይሠሩና ዓምድ ይተክሉ ነበር። ስለ እነዚህ ስፍራዎች ማወቅ ለእኛ የሚጠቅመን በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ ሐይቁን የሚመግበው ከአገራችን የሚወርደው የኦሞ ወንዝ ነው። ሁለተኛ፥ ከስፍራዎቹ አንዱ ከቦረና ሕዝብ የዘመን አቆጣጠር ጋር ተያይዞ ብዙ ክርክር ተነሥቶበታል። ሦስተኛ፥ በየወረዳችን የቆሙ ድንጋዮች ስላሉ ከዚያ ክርክር የሚገኘው ትምህርት እኛንም ይመለከታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የምርምር ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

ስፍራው

የቱርካና ሐይቅ በሰሜን ኬንያ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተዘርግቶ የሚገኝ ሲሆን፥ የሰሜን ጫፉ የኢትዮጵያን ወሰን ይነካል። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል የሚያመጣው የኦሞ ወንዝ ነው። ሐይቁ ዛሬ ወደ ውጭ የሚፈስበት መውጫ ስለ ሌለው፥ ዝናሙ ሲበዛ ይሞላል፤ ሲያንስ ደግሞ ዳርቻው ይሸሻል።

በጥንት ዘመን ዝናሙ እጅግ የበዛ ስለ ነበረ ሐይቁ ከዛሬው በብዙ ሜትር ከፍ ያለና ሰፊ ነበር። በዳርቻውም ዓሣ በማጥመድና አውሬ በማደን የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከዛሬ 5000 ዓመት ገደማ በፊት ግን ዝናሙ እየቀነሰ፥ ውሃው እየሸሸ፥ ቀድሞ የሐይቅ ወለል የነበረው መሬት እየደረቀ ሜዳ ሆነ። በዚሁ ጊዜ ከብት፥ በግና ፍየል የሚያረቡ ሰዎች በአካባቢው ታዩ። የድንጋይ ክበቦቹና ዓምዶቹም የተሠሩት በዚህ የለውጥ ዘመን ነው።

እስከ ዛሬ ከታወቁት ስፍራዎች መካከል ጃሪጎሌ የተባለው በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ይገኛል፤ ሰሜን ሎታጋም፥ ምዕራብ ሎታጋም፥ ማኔማኒያና ካሎኮል የተባሉት ደግሞ በምዕራብ በኩል ናቸው።

የስፍራዎቹ ሁኔታ

ስፍራዎቹ በመጠንና በዝርዝር ቢለያዩም በአሠራራቸው የሚመሳሰሉባቸው ነገሮች አሏቸው። እነዚህም በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. መደብ። በመጀመሪያ ክብ የሆነ ከፍ ያለ መደብ በአፈርና በድንጋይ ይሠራል። ዙሪያው አፈሩ እንዳይናድ በድንጋይ ይታጠራል። ስፍራውን ክበብ የሚያሰኘው ይህ የድንጋይ ዙሪያ ነው።

2ኛ. ዓምዶች። በመደቡ ላይ ረዣዥም ድንጋዮች ይተከላሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው። የቀለጠው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ በተፈጥሮው እየተሰነጠቀ ማዕዘን ያለው ረዥም ዓምድ ስለሚሆን፥ ሠሪዎቹ መቅረጽ ሳያስፈልጋቸው ከተገኘበት አንሥተው ያቆሙት ነበር። የሠሪዎቹ ዋና ድካም ድንጋዩን መርጦ ማምጣትና መትከል ነበረ ማለት ነው። በሰሜን ሎታጋም ከቆሙት ዓምዶች አንዳንዶቹ የመጡት ከአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነው።

3ኛ. መቃብር። በሰሜን ሎታጋም ሠሪዎቹ በመደቡ መካከል አሸዋውን እስከ አለቱ ድረስ ቆፍረው ከ100 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ትልቅ የመቃብር ጉድጓድ አበጅተዋል። ሙታን በውስጡ ጎን ለጎንና አንዱ ባንዱ ላይ እየሆኑ ለብዙ መቶ ዓመታት ተቀብረዋል። ጉድጓዱ ሲሞላም በድንጋይ ከድነው ዘግተውታል።

4ኛ. ትንንሽ ክበቦችና ካቦች። በሰሜን ሎታጋም ከዋናው መደብ አጠገብ ትንንሽ የድንጋይ ክበቦችና የድንጋይ ክምሮች ይታያሉ።

ሠሪዎቹ እነማን ነበሩ?

የሰሜን ሎታጋም ቁፋሮ ውጤት በ2018 በሊቃውንት ታትሞ ወጥቷል። መደቡ 30 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፥ በውስጡ የተቀበሩት ሰዎች ቢያንስ 580 እንደሚሆኑ ተገምቷል። ስፍራው የተሠራውና የተገለገሉበት ከዛሬ 5000 እስከ 4300 ዓመት ገደማ በፊት ባለው ጊዜ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀው የተቀበሩት ሰዎች ማንነት ነው። በመቃብሩ ውስጥ ወንዶችና ሴቶች፥ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ያለ ልዩነት ባንድነት ይገኛሉ። አብዛኞቹም ጌጣጌጣቸውን እንደ ለበሱ የተቀበሩ ናቸው። ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተሠራ ጨሌ፥ በልዩ ልዩ ቀለም ከሚያምሩ ድንጋዮች ተፈልፍሎ የተበሳ ዶቃ፥ እንዲሁም ከብዙ የበረሃ አይጦች ጥርስ የተሠራ የራስ ጌጥ ተገኝቷል። ነገር ግን አንዱ ሰው ለብቻው በክብር ስፍራ የተቀመጠበት፥ ሌሎቹ ደግሞ በዳር የተጣሉበት ምልክት አልታየም።

ይህ ነገር ሊቃውንቱን አሳስቧቸዋል። ከዚህ በፊት የነበረው አስተሳሰብ፥ ትልቅ ሐውልት የሚቆመው እርሻና ከተማ ባለበት፥ ንጉሥ ወይም ሹም ሕዝቡን አዝዞ በሚያሠራበት አገር ነው የሚል ነበር። የግብፅ ፒራሚዶችም ለዚህ እንደ ምስክር ይጠቀሱ ነበር። የቱርካና ሐይቅ አርቢዎች ግን የጌታና የሎሌ ልዩነት ጎልቶ የማይታይባቸው፥ ከብታቸውን ተከትለው የሚዘዋወሩ ሰዎች ሆነው ሳሉ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል።

ስለ ምክንያቱ ተመራማሪዎቹ የሰጡት አሳብ እንዲህ ነው። ዝናም እየቀነሰ፥ ሐይቁ እየሸሸ፥ ግጦሽ ከዓመት ወደ ዓመት እየተለዋወጠ በሄደበት ጊዜ ቤተ ሰቦች መበታተን ግድ ሆነባቸው። የተበታተነ ሕዝብ ደግሞ ዝምድናውን የሚያድስበት፥ ስለ ውሃና ስለ ሣር የሚመካከርበት አንድ ቋሚ ስፍራ ያስፈልገዋል። የአባቶችና የእናቶች መቃብር ለዚህ የሚስማማ ስፍራ ነው። በአገራችንም ቢሆን ሩቅ አገር የሚኖር ዘመድ ለለቅሶና ለተዝካር ሲሰበሰብ እግረ መንገዱን ብዙ ጉዳይ እንደሚፈጽም የታወቀ ስለ ሆነ፥ ይህን አሳብ ለመረዳት አያስቸግረንም።

ስለ ካሎኮል ዓምዶችና ስለ ከዋክብት

ከሎድዋር ወደ ካሎኮል በሚወስደው መንገድ አጠገብ 19 የድንጋይ ዓምዶች ያሉበት ስፍራ አለ። ቱርካናዎች ናሞራቱንጋ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የድንጋይ ሰዎች ማለት ነው። በአካባቢው ሲነገር የኖረው አፈ ታሪክ፥ ዓምዶቹ ቀድሞ በጭፈራ ላይ የነበሩና በአንድ መንፈስ ስላፌዙ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ሰዎች ናቸው ይላል።

በ1978 ሊንችና ሮቢንስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስለዚሁ ስፍራ አዲስ አሳብ አቀረቡ። እነርሱ እንዳሉት ዓምዶቹ በዘፈቀደ የቆሙ ሳይሆኑ፥ ሁለት ሁለቱን ይዞ በመስመር ለሚመለከት ሰው አንዳንድ ከዋክብት ከአድማስ ወደሚወጡበት አቅጣጫ የሚያመለክቱ ናቸው። ከዋክብቱም በቦረና የዘመን አቆጣጠር ውስጥ የሚያገለግሉት 7ቱ ናቸው፤ ስማቸውም ለሚ፥ ቡሳን፥ ሶርሳ፥ አልጋጂማ፥ አርብ ጋዱ፥ ኡርጂ ወላና ባሳ ይባላል። የስፍራውንም ዕድሜ፥ ሎኮሪ በተባለ አገር አጠገብ ካለ ሌላ የመቃብር ስፍራ ጋር በማመሳሰል፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ነው ብለው ገመቱ።

እዚህ ላይ ስለ ቦረና የዘመን አቆጣጠር ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ቦረናዎች በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ የሚኖሩ ሲሆኑ፥ ዓመታቸው 12 የጨረቃ ወሮች፥ በጠቅላላው 354 ቀኖች አሉት። ለቀኖች 27 ስሞች ብቻ ስላሉ፥ የጨረቃ ወር ግን 29 ወይም 30 ቀን ስለ ሆነ፥ ስሞቹ በወሩ መጨረሻ እንደ ገና ከመጀመሪያ ይደገማሉ፤ በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ወር በልዩ ስም ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ 6 ወሮች የሚታወቁት አዲሲቱ ጨረቃ ከተጠቀሱት ከዋክብት ጋር በምትገናኝበት ጊዜ ነው፤ የቀሩት 6ቱ ደግሞ ጨረቃዋ በልዩ ልዩ መጠን ሳለች ለሚ ከተባለው ኮከብ ጋር ስትታይ ይለያሉ። ይህን የሚከታተሉት አያንቱ የሚባሉት ሊቃውንት ናቸው። ይህን ዕውቀት በ1973 በታተመው ስለ ገዳ በሚናገረው መጽሐፋቸው ለዓለም ያስተዋወቁት ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ ናቸው።

ባሕረ ሐሳብ የተማረ አንባቢ የዚህን ጥበብ ክብደት ለመገንዘብ አይቸገርም። 354 ቀን ያለው የጨረቃ ዓመት 365 ቀን ካለው ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳል፤ የእኛም ሊቃውንት ጥንተ አበቅቴ 11 ነው የሚሉት ከዚሁ ልዩነት የተነሣ ነው። ሁለቱ አቆጣጠሮች መንገዳቸው ቢለያይም የሚመለከቷት ጨረቃ አንዲት ናት።

የተነሡት ጥያቄዎች

የሊንችና የሮቢንስ አሳብ በብዙ መጻሕፍት እየተጠቀሰ ዝናው ሰፋ። ነገር ግን ነገሩ እንደ ገና ሲመረመር አራት ጥያቄዎች ይነሣሉ።

አንደኛው ስለ አለካኩ ነው። በ1982 ሮበርት ሶፐር የተባሉ የአርኬኦሎጂ ሊቅ እንዳስታወቁት፥ ዓምዶቹ የመግነጢስ ኃይል ያላቸው ስለ ሆኑ የኮምፓስን መርፌ ይስባሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ የተለካው አቅጣጫ መታረም ነበረበት። ዓምዶቹ እንደ ገና ሲለኩ ከከዋክብቱ ጋር የሚገጥሙ መስመሮች ተገኙ፤ ሆኖም መስመሮቹ ከፊተኞቹ የተለዩ ነበሩ። በ1986 ደግሞ ዶይል የተባሉ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ፥ ጨረቃና ኮከብ ይገናኛሉ የሚለውን ቃል በሌላ መንገድ ተርጉመው፥ ሁለቱ በአድማስ ላይ ከአንድ ቦታ መውጣታቸውን የሚያመለክት ነው በማለት የአቆጣጠሩን አሠራር አስረድተዋል።

ሁለተኛው ስለ መስመሮቹ ብዛት ነው። 19 ዓምዶችን ሁለት ሁለት አድርጎ ቢያጣምሩ 171 መስመሮች ይወጣሉ። እያንዳንዱን መስመር ከሁለቱም ጫፍ መመልከት ስለሚቻል 342 አቅጣጫዎች ይሆናሉ። የአድማስ ዙሪያ ግን 360 ዲግሪ ብቻ ነው። እንግዲህ ማንም ሰው የትኛውንም ኮከብ ቢመርጥ ወደዚያ የሚያመለክት አንድ መስመር ማግኘቱ የሚያስደንቅ አይሆንም። መስመር መገኘቱ ብቻውን የሠሪውን አሳብ አያስረዳም ማለት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ስለ ዕድሜው ነው። በ2011 በታተመው ጥናት መሠረት ካሎኮልም እንደ ሌሎቹ ስፍራዎች ከዛሬ 5000 እስከ 4000 ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ የተሠራ መሆኑ ታውቋል። ይህም ሊንችና ሮቢንስ ከገመቱት ዘመን ከ1500 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይርቃል። የምድር ዛቢያ በ26000 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ በዝግታ ስለሚዞር፥ ከዋክብት ከአድማስ የሚወጡበት ነጥብ በየዘመኑ ይዛወራል። ለቀድሞው ዘመን ሰማይ የተሰላው ከኋለኛው ዘመን ሰማይ ጋር አይገጥምም። ስለሆነም ለ300 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የተሰላው ስሌት፥ ስፍራው በእውነት ለተሠራበት ዘመን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

አራተኛው ከቁጥር የሚመጣ ማሳሳቻ ነው። በባሕረ ሐሳብ 19 ዓመት ንዑስ ቀመር ይባላል፤ የፀሐይና የጨረቃ አቆጣጠር በ19 ዓመት ተመልሶ ይገጥማልና። የዓምዶቹ ቁጥር 19 መሆኑን የሰማ ሰው ሁለቱን ለማገናኘት ይፈተን ይሆናል። ነገር ግን የቁጥር መመሳሰል ማስረጃ አይደለም፤ ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት 19 ብቻ ተተክለው እንደ ነበረ የሚመሰክርም የለም።

በዚህ ሁሉ የቦረና የዘመን አቆጣጠር ክብር አንዳች አይጎድልበትም። አቆጣጠሩ የሚታወቀው በሕያዋን ሊቃውንት ዘንድ ስለ ሆነ፥ ለእውነተኛነቱ የድንጋይ ምስክር አያሻውም። ድንጋዮቹም ቢሆኑ የከዋክብት መመልከቻ ባይሆኑ እንኳ ታላቅነታቸው አይቀንስም፤ አንድ ሕዝብ በችግር ዘመን ሙታኑን በእኩልነት ያከበረበት ስፍራ መሆናቸው ይበቃቸዋል። ሁለት እውነተኛ ነገሮችን በማይጸና ገመድ ማሰር ግን ሁለቱንም ለጥርጣሬ ያጋልጣል።

ዕድሜ የሚታወቅበት መንገድ

አንባቢ የድንጋዩ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ድንጋዩ ራሱ ከተፈጠረ ሚሊዮኖች ዓመታት ሊሆነው ስለሚችል፥ መቼ እንደ ተተከለ አይናገርም። የሚናገረው በሥሩ የተቀበረው ከሰል፥ አጥንት ወይም የእንቁላል ቅርፊት ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በሕይወት ሳለ ካርቦን 14 የተባለውን ንጥረ ነገር ከአየርና ከምግብ ይቀበላል። ከሞተ በኋላ መቀበሉ ስለሚቆም፥ የነበረው በየ5730 ዓመቱ በእኩሌታ እየቀነሰ ይሄዳል። የቀረውን በመለካት ከሞተ ስንት ዓመት እንደ ሆነው ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ይህ ስሌት የሚጠቅመው ከሰሉ ወይም አጥንቱ በእርግጥ ከዓምዱ ጋር ባንድ ጊዜ የተቀበረ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ይህም የሚታወቀው አፈሩ ሳይነካ፥ ድርብርቡ ሳይፈርስ፥ ድንጋዩም ከተተከለበት ሳይነቀል ሲገኝ ብቻ ነው። ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ቦታ ማቆም ድንጋዩን ያተርፈው ይሆናል፤ ታሪኩን ግን ያጠፋዋል።

ለአገራችን የሚሆን ትምህርት

በአገራችን የጢያ ትክል ድንጋዮች በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ በስፍራው ካሉት 36 ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ ያለባቸው ናቸው። ብዙ ትክል ድንጋዮች የሚገኙበት የጌዴኦ ባሕላዊ መልክዓ ምድርም በ2023 ተመዝግቧል። በጌዴኦ ሳካሮ ሶዶ በተባለው ስፍራ የተደረገው ምርመራ ውጤት በ2021 ሲታተም፥ ትክል ድንጋዮቹ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ዓመተ ምሕረት አካባቢ የቆሙ፥ ማለት ቀድሞ ከታሰበው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል የሚበልጡ መሆናቸው ታውቋል። ይህ ሊታወቅ የቻለው ከድንጋዮቹ ሥር ያለው አፈር ስላልጠፋ ነው።

ከእነዚህ ከታወቁት ስፍራዎች ውጭ ግን በመዝገብ ያልገቡ፥ በእርሻ መካከልና በግጦሽ ሜዳ የቆሙ ብዙ ድንጋዮች አሉ። እነዚህን ለቤት መሠረት፥ ለአጥርና ለመንገድ ሥራ ማንሣት፥ ወይም ወርቅ ይገኛል በሚል ከንቱ ወሬ ሥራቸውን መቆፈር፥ ጉዳቱ የማይመለስ ነው። ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው ከእንደነዚህ ካሉ ስፍራዎች የሚገኘው ሀብት የከሰል ቁራጭና የእንቁላል ቅርፊት ዶቃ ነው፤ ለሌባ ምንም አይጠቅመውም፤ ለታሪክ ግን ምትክ የለውም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፥ በቁፋሮ፥ በግንባታ፥ በመንገድ ሥራ ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡትም ድረስ ባለበት ሁኔታ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዝዛል። ስለዚህ የሚከተለውን መፈጸም የእያንዳንዱ ነዋሪ ግዴታ ነው።

ሀ. የቆመ ድንጋይ፥ የድንጋይ ክበብ ወይም የጥንት መቃብር የሚመስል ካብ ያገኘ ሰው አይንቀለው፤ አይቆፍረው፤ የወደቀም ቢሆን በግምት መልሶ አያቁመው።

ለ. የስፍራውን ስም፥ የድንጋዮቹን ቁጥርና የቆሙበትን ሁኔታ ጽፎ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው ባሕል ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ።

ሐ. ስለ ስፍራው የሚነገረውን አፈ ታሪክ ከአገር ሽማግሌዎች ጠይቆ፥ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይጻፍ፤ አፈ ታሪኩ የድንጋዩን ዕድሜ ባይነግረንም ሕዝቡ ድንጋዩን እንዴት ሲያየውና ሲያከብረው እንደ ኖረ ያስረዳልና።

መ. በግንባታና በመንገድ ሥራ ላይ ያሉ ተቋራጮችና ሠራተኞች ድንጋይ ከማንሣታቸው በፊት ስፍራውን ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ይመልከቱ።

የቱርካና ሐይቅ አርቢዎች ስማቸውንም ቋንቋቸውንም ጽፈው አልተዉልንም። ዛሬ ስለ እነርሱ ይህን ያህል ማወቅ የተቻለው ከእነርሱ በኋላ በዚያ ምድር የኖሩት ሕዝቦች ዓምዶቹን ሳይነቅሉ ስላቆዩአቸው ነው። በየወረዳችን ያሉትንም ድንጋዮች ገና ያልተጠየቀው ጥያቄ እስኪጠየቅ ድረስ በስፍራቸው ማቆየት የእኛ ፈንታ ነው።